ከመግሪብ በኋላ ቀለም የማይሸጡት ሰው

ጋሼ ሰይድ ማረፋቸውን የሰማሁት የልብስ ቁልፍ ልገዛ መርካቶ የወረድኩ ዕለት ነው። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁና እግረ መንገዴን ባለሱቁን ስለ እሳቸው ጠየቅሁት። «የትኛው ሰይድ?» አለኝ፤ በዚያ ሰፈር ሰይድ የሚባል ሰው ተቆጥሮ አያልቅም። ወሎዬው፣ አጭሩ፣ የድሮው ክር ሻጭ ብዬ አስረዳሁት። «እ፣ ሰይድ ቡኒ» አለ። «እሳቸውማ ከተቀበሩ አራት ቀናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸው ብቻ ቀለም አይለይም ነበር ይባላል።»

ቁልፉን ሳልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ። እኔ ግን መርካቶ ውስጥ ቀለም የሚለይ አንድ ዓይን ነበረ ቢባል የእሳቸው ነው ብዬ እምላለሁ። ደርግ ወድቆ፣ ቀበሌው ስሙ ተቀይሮ፣ የዚያን ዘመን ሹማምንት ግማሹ ሞቶ ግማሹ ተረስቶ፣ «ቡኒ» የሚለው ስም ብቻ ሰውየውን እስከ መቃብር ሸኝቷቸዋል። ለዚህ ስም መነሻ የሆነውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ብቻ አይደለም።

ጋሼ ሰይድ ጢማቸው ሳይወጣ ከደሴ መጥተው መርካቶ የቀሩ ሰው ነበሩ። አጭርና ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል። በዚያ ኮት የውስጥ ኪስ መዳፍ የምታክል ደብተር ይይዛሉ፤ ገጾቿ ወረቀት ሳይሆኑ ተደራርበው የተሰፉ የጨርቅ ቁርጥራጮች ናቸው። ቀዩ ብቻ ሰባት ገጽ ነበረው። ለሰባቱም ስም አውጥተውላቸዋል፤ የሚጥሚጣ ቀይ፣ የጡብ ቀይ፣ የሙሽራ ቀይ እያሉ ይቆጥራሉ። ታጥቦ የደበዘዘውን ደግሞ «የተጸጸተ ቀይ» ይሉት ነበር።

ልብስ ሰፊዎች ከጭድ ተራ ሳይቀር ጨርቅ ይዘው ክር እንዲያዛምዱላቸው ይመጣሉ። ጋሼ ሰይድ ጨርቁን ተቀብለው ከሱቃቸው ይወጣሉ፤ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ጨርቁን እጃቸው አንጓ ላይ ጣል አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ መደርደሪያውን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ክሩ ከላይ ስንተኛው፣ ከግራ ስንተኛው እንደሆነ ይናገራሉ። በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ያለ ሰው አላየሁም።

ከሁሉ የሚገርመው ሕጋቸው ነበር። ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሶላት አዛን ሲባል ባለቀለሙን ክርና ጨርቅ በሙሉ በአቡጀዲ ይሸፍኑታል። ከዚያ በኋላ የሚሸጡት ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። «ሚስት በሰርግ ቤት፣ ጨርቅ በመብራት አይመረጥም» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ወይዘሮ ለልጃቸው ሠርግ አረንጓዴ ሐር ፈልገው ሲመሻሽ መጡ። ጋሼ ሰይድ በትሕትና ነገ ከፀሐይ ጋር እንዲመጡ ለመኗቸው። ወይዘሮዋ ተቆጥተው እዚያው አጠገብ ካለው ሱቅ፣ በመንገድ መብራት እያገላበጡ ገዙ። በማግስቱ ሰማያዊ ሐር ታቅፈው ሲመለሱ የተቆጡት የሸጠላቸውን ሰው ሳይሆን ጋሼ ሰይድን ነበር፤ ለምን አጥብቀው አልከለከሉኝም ብለው። ጎረቤት ነጋዴዎች ለጋሼ ሰይድ ዕድሜ አጥብቀው ይጸልዩላቸው ነበር፤ ከመሸ የእሳቸው ደንበኛ ሁሉ የእነሱ ነውና።

የመንገዱ መብራት በዚያን ጊዜ ሜርኩሪ የሚባለው ነበር። ብርሃኑ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ከሥሩ የቆመ ሰው ሁሉ ከሆስፒታል አምልጦ የመጣ ይመስላል። ከንፈሯን ቀይ የተቀባች ልጅ ስታልፍ ከሰል የበላች ትመስል ነበር። ሰዓት እላፊ ሲደርስ ሁላችንም ቤታችን እንገባለን፤ አምፖሉ ግን ባዶውን መንገድ እስኪነጋ ያበራል። መብራት መብራት ነው ብለን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ ከጋሼ ሰይድ በስተቀር።

ከእሳቸው ጋር በቅርብ የተዋወቅነው ንግዱ ቀዝቅዞ ሱቃቸውን ከዘጉና በቀበሌያችን የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ጨርቅ ገዢ ከሆኑ በኋላ ነው፤ ሰፊዎች ክር ለማስመረጥ ወደዚያም ይከተሏቸው ነበር። እኔ ቤቴ ራጉኤል በኩል ሲሆን የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ከሥራ በኋላ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ጋሼ ሰይድ ቁርዓን ይቀራሉ፤ የአማርኛን ፊደል ግን የቆጠሩት ከእኔ ዘንድ ነው። «ልጄ» ይሉኝ ነበር፤ አስተማሪያቸው መሆኔ ይህን አልለወጠውም።

ሊቀመንበራችን ጓድ ዘነበ ይባላል። ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሮጥ ቁርሱን እራት የሚያደርግ ሰው ነበር። ለአብዮት በዓል ከአንድ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው የሚደርስ ቀይ መፈክር ማኅበሩ እንዲሰፋ ትእዛዝ ወረደ። ጋሼ ሰይድ ሦስት ቀን ዞረው የሙሽራውን ቀይ መርጠው አመጡ፤ ሰፊዎቹም ነጩን ፊደል ሰፉበት። ጓድ ዘነበና ኮሚቴው ጠዋት መጥተው ይረከባሉ ተባለ። ጠዋቱ ቀትር፣ ቀትሩ ምሽት ሆነና የደረሱት መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ነው። መፈክሩ ለአዳራሹ ስለረዘመ መንገድ ላይ፣ በምሰሶው ሥር እንዲዘረጋ ጓድ ዘነበ አዘዘ።

ጋሼ ሰይድ ጥቅሉን ታቅፈው አሁን ቀለም አይታይምና ለነገ ጠዋት ይሁን ብለው ለመኑ። ጓድ ዘነበ አብዮቱ ፀሐይ እስክትወጣ አይጠብቅም አለ። ሽማግሌው ወደ አምፖሉ ቀና ብለው አዩ፤ ወደ ኮሚቴውም አዩ። ከዚያ ጥቅሉን ፈቱት።

በሜርኩሪው ሥር የተዘረጋው ጨርቅ ቡኒ ነበር። ዝናብ አርሶ ያደረቀው ጭቃ ይመስላል። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ ሰባቱም አዩት፣ እኔም ስምንተኛ ሆኜ አየሁት። ጓድ ዘነበ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼ አሻጥር ነው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ያስበላ ነበር። ጋሼ ሰይድ ግን ጨርቁ ቀይ ነው፣ የሚዋሸው አምፖሉ ነው አሉ። ይህ ነገሩን አባሰው፤ አምፖሉ የመንግሥት ነበር። እዚያው ጽሕፈት ቤት ገብተን «ቀይ ሆኖ መቅረብ የነበረበት ጨርቅ ቡናማ ሆኖ በመገኘቱ» የሚል ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ሰባቱም ፈረሙ፤ ጋሼ ሰይድ የቀበሌው እስር ቤት ገቡ።

ሲነጋ ጨርቁ ቀይ ነበር። ያውም ከሩቅ የሚጠራ፣ ዓይን የሚይዝ ቀይ። ጓድ ዘነበ ፊት ለፊቱ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰባቱም ፈርመዋል አልኩት። በረጅሙ ተነፈሰና ሄደ። መፈክሩ ቀይ ሆኖ ለበዓሉ ወጣ፤ ሕዝብ አየው፣ ተጨበጨበለት። የገዙት ሰው ደግሞ ያው ጨርቅ ቡኒ ሆኗል ተብለው እንደታሰሩ ዋሉ። ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ችግሩ እንግዲህ እሳቸውን ምን እናድርግ የሚለው ነበር። ወረቀቱ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ከፍተኛ ከተላለፈ ሰውየው መመለሳቸውን የሚያውቅ የለም፤ ጓድ ዘነበም ቢሆን ይህን አልፈለገውም። ጨርቁን በፀሐይ አይቶታል። ፊርማውን መብላት ግን አልቻለም። ስለዚህ መውጫ ተገኘ፤ ጋሼ ሰይድ በስብሰባ ላይ ቆመው ግለሂስ ያድርጉ፣ ጥፋታቸውን ይመኑና ይለቀቁ። እንዳግባባቸው እኔ ተላክሁ።

እስር ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡኒ ነበር ይበሉና ይውጡ፣ ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ ያልፋል አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ሌላ ሙያ የለኝም» አሉኝ። «ቀዩን ጨርቅ ቡኒ ነው ብዬ በሕዝብ ፊት ከተናገርኩ ከዚህ የሚወጣው ማነው? ነገ የትኛው ሰፊ ነው ክር ምረጥልኝ ብሎ እኔ ዘንድ የሚመጣ?»

ወረቀቱ ከፍተኛ ከሄደ ደግሞ ጭራሽ እንደማይወጡ ነገርኳቸው። እሳቸው መልሰው እኔን ማጽናናት ጀመሩ። «አብሽሪ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። እስቲ አስብበታለሁ ብለው ሸኙኝ።

ስብሰባው እሑድ ተጠራ። አዳራሹ ሞላ፤ ክር ሲመርጡላቸው የኖሩት ሰፊዎች ሁሉ ነበሩ። ጋሼ ሰይድ ያን ሰፊ ኮታቸውን አራግፈው ተነሡ።

«ጥፋት አጥፍቻለሁ» ብለው ጀመሩ፤ የጓድ ዘነበ ትከሻ ሲረግብ አየሁ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ ከመግሪብ በኋላ ቀለም ለሰው አሳይቼ አላውቅም። ያን ዕለት ታዘዝኩና አሳየሁ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ፈራሁና ጥቅሉን ፈታሁት። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ለዚህ ጉባኤውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጨርቁ ቀይ ነው።»

ተቀመጡ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። እኔ በበኩሌ ልቤ ሞልቶ ነበር፤ ሳይዋሹ የሚወጡበት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፣ እሷን አግኝተዋታል። ጓድ ዘነበ ግን ከእኔ ይፈጥናል። ሌላ ሰው ሳይናገር ብድግ ብሎ «ጥፋቱን አምኗል፣ ጻፊ» አለኝ። ስድስቱ ኮሚቴዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው እፎይታ ለሁላችንም የሚበቃ ነበር።

የተናገሩትን እንዳለ መጻፍ እችል ነበር። ከአምስት መስመር አይበልጥም። እኔ በዚያ በሚመሰገንልኝ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ጓድ ሰይድ በመፈክሩ ጨርቅ ቀለም ላይ የፈጸሙትን ስህተት አምነው ግለሂስ አድርገዋል።» ቃል በቃል ቢመረመር ውሸት የለበትም፤ ለብዙ ዓመት ራሴን ያጽናናሁትም በዚሁ ነው። ሰው ማስፈታት ነው የፈለግሁት፣ ሰውም ተፈታ። ስብሰባው ሊበተን ሲል ፈጠን ፈጠን አድርጌ አነበብኩትና እንዲፈርሙ አቀረብኩላቸው። ጋሼ ሰይድ አልመረመሩትም። አስተማሪያቸው የጻፈችው ነውና ባስተማርኳቸው ፊደል «ሰይድ» ብለው ጻፉበት።

በማግስቱ ወረቀቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በመስኮት አየኋቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ አነበቡት። «ቀለም» የሚለው ላይ ጣታቸው ቆመች፤ ከዚያ «ስህተት» ላይ ቆመች። ፊደል ማስተማሬን የጠላሁበት ቀን ያ ነው። ጨርሰው ወደ ሥራቸው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» ቀረና «ጓድ ጸሐፊ» ሆንኩ።

ስሙ ለመውጣት ሳምንት አልፈጀበትም። መርካቶ ሰው ቡናማ የሚለውን የጽሕፈት ቤት ቃል አይወድም፤ ሰይድ ቡኒ አላቸው። ቀልዱ ከመስጊዱ ሰፈር እስከ ጭድ ተራ ዞረ። ሰፊዎቹ መምጣት አቆሙ፤ ጥቂቶቹ ስብሰባው ላይ ስለነበሩ እውነቱን ያውቁታል፤ ግን በማኅተም ስህተተኛ የተባለን ዓይን ማን በይፋ ይጠይቃል? ማኅበሩም ከጨርቅ ገዢነት አንሥቶ መጋዘን ውስጥ ቁልፍ እንዲለዩ መደባቸው፤ ባለሁለት ቀዳዳውን ለብቻ፣ ባለአራቱን ለብቻ። ለዚህ ሥራ ዓይን አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል። የሥራ ምደባውን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ለሌላ ትልቅ በዓል ከተማው ሲኳኳል ባለመሰላል መኪና ወደ ሰፈራችን መጣና የመንገዱን አምፖሎች ያወርድ ጀመር። የሠራተኞቹ አለቃ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነበር። የቀበሌ ጸሐፊ መሆኔን ሲሰማ ለሪፖርቴ እንዲጠቅመኝ ብሎ ይዘረዝርልኝ ጀመረ። አዲሱ አምፖል ሜታል ሃላይድ ይባላል አለ። ሜርኩሪው ቀይ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀይ ጨርቅ የሚያንጸባርቀው ቀይ ካላገኘ ይጠቁራል፣ ቡኒ ይሆናል። በአዲሱ ውስጥ ግን ሌሎች ጨዎች ተጨምረዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ነጭ ነው፣ ቀዩም ሰማያዊውም በቦታው ይታያል። እንደገና እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ደስ ብሎት ደገመልኝ። ጋሼ ሰይድ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግረው የታሰሩበትን ነገር ሰውየው በደመወዝ ነበር የሚናገረው።

አመሻሹ ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ መብራቱ በራ። ወዲያው አልደመቀም፤ መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ ጥቂት ደቂቃ ተግደረደረ፣ ከዚያ ነጣ። ያው የድሮው መፈክር ከመጋዘን ወጥቶ ተሰቅሎ ነበርና ቀይ ሆኖ ታየ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጓድ ዘነበ ሳጥን ላይ ወጥቶ በአብዮቱ ብስለት ቀዩ ዓላማችን በምሽትም ቀይ ሆነ ብሎ ተናገረ። ከሰባቱ ፈራሚዎች አራቱ አጠገቡ ቆመው ያጨበጭባሉ። ስለ አንድ ሽማግሌ ማንም ትንፍሽ አላለም። ንግግሩን ጻፍኩትና ጋሼ ሰይድን ልጠራ ወደ ቁልፉ መጋዘን ሮጥኩ።

ጋሼ ሰይድ ከሶላት በኋላ ነው የመጡት። ከአምፖሉ ሥር ቆመው ደብተራቸውን አወጡ፤ በምሽት ሲያወጧት አይቼ አላውቅም ነበር። ሰባቱን ቀይ አንድ በአንድ ገለጡ፤ አረንጓዴዎቹንም አዩ። ቀስ ብለው ፍርድ ሰጡ፤ ጥሩ ነው፣ ቀዩን ቀይ ይላል፣ አረንጓዴውን ብቻ ትንሽ ያቆላምጠዋል አሉ። ከዚያ ሁለቱን ምሰሶዎች እያማተሩ እነዚህ መንትያ አይደሉም ብለው ጨመሩ። ባለቱታው ሳቀ፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው አላቸው። ዓመት ሳይሞላ አንደኛው አምፖል ወደ ሮዝ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ አደላ፤ ጨርቅ ሻጮች ሮዙ ሥር፣ ቃሪያና ጎመን ሻጮች አረንጓዴው ሥር ለመቀመጥ ሲጣሉ ቀበሌው ለሽምግልና ተቀመጠ።

ያን ምሽት ግን እኔ ደስታ አስክሮኝ ነበር። ባለቱታው የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው። አሁን ምስክር አለን፣ ባለሙያ አለን፣ ያንን ቃለ ጉባኤ አስተካክለዋለሁ፣ ስምዎን አስመልሳለሁ አልኳቸው። ያሳሳተን አምፖሉ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ፣ ጥፋቱ ሁሉ የአምፖሉ ነበር እያልኩ ለፈለፍኩ። ሲሰሙኝ ደብተሯን በመዳፋቸው ይዘው ነበር።

«ኮሚቴውስ እውነት ነው፣ አምፖሉ አሳስቶታል» አሉ። «የማታውን ወረቀት ይቅር ብያለሁ። ያኛውን የእሑዱን ስትጽፊ ግን፣ ጓድ ጸሐፊ፣ ስንት ሰዓት ነበር?»

መልሱን ሳላስብ አወቅሁት፤ ለማፈር እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ቁጣ የለባቸውም፤ ጨርቅ አምጥቶ እንደሚያስመርጥ ሰው መልሴን ይጠብቃሉ።

«ስድስት ሰዓት ነበር ጋሼ» አልኳቸው። «ቀትር ላይ። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ወረቀቱ ላይ ነበር።»